በ508 ኤምካትና በ3.58 ጂፒኤ ሜዲካል ስኩል የመግባት ዕድሌ ስንት ነው? ቁርጡን ንገሩኝ

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን ማመልከቻው ሊከፈት ስለሆነ ቁርጤን ማወቅ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ላመልክት ወይስ አንድ ዓመት ልቆይ?

የምኖረው ቨርጂንያ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። አሜሪካ የመጣሁት ሃይስኩል ልጨርስ ስል ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ በባዮሎጂ ተመረቅሁ። አጠቃላይ ጂፒኤዬ 3.58፣ የሳይንሱ 3.44 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤቴ ደከም ያለ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ከጥቂት ቢ በስተቀር ሁሉም ኤ ነው። ኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው) 508 አመጣሁ፦ ኬሚስትሪና ፊዚክስ 128፣ ካርስ (የንባብና የትንተና ክፍሉ) 123፣ ባዮሎጂ 129፣ ሳይኮሎጂ 128።

ሆስፒታል ውስጥ በነርስ ረዳትነት ማታ ማታ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጻ ክሊኒክ ውስጥ በበጎ ፈቃድ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ሪሰርች ብዙ የለኝም፤ አንድ ሰመር ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ የታተመ ነገር ግን የለም። አንዲት የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሥራቸውን በቅርብ ተከታትያለሁ።

ላመለክትባቸው ያሰብኳቸው እነዚህ ናቸው፦ ዩቪኤ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂንያ)፣ ቪሲዩ (ቨርጂንያ ኮመንዌልዝ)፣ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ጆርጅታውን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ፣ ዩሲኤስኤፍ (ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ)፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን (አክስቴ ሲያትል ስላለች)፣ ዳላስ ያለው ዩቲ ሳውዝዌስተርን።

እባካችሁ ለማጽናናት ብላችሁ አትሸንግሉኝ።

ጭላንጭል፦

እህቴ፣ ሌሊት እየሠራሽ፣ ቋንቋውን በሃይስኩል መጨረሻ ጀምረሽ 508? በጣም ጎበዝ ነሽ። አመልክቺ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ!

ቁጥር ይናገራል፦

እኔ አልስማማም፤ ቁርጡን ንገሩኝ ብላለችና። በ2023 ሜዲካል ስኩል የገቡት ተማሪዎች አማካይ ኤምካት 511.7፣ አማካይ ጂፒኤ 3.77 ነበር። በሁለቱም ታንሻለሽ። ካርስ 123 ደግሞ ከግማሹ ተፈታኝ በታች ነው። ፈተናውን ድገሚና በሚቀጥለው ዓመት አመልክቺ።

ሦስተኛ ዓመት፦

የሜዲካል ስኩል ተማሪ ነኝ፤ አመልካቾችን በማማከርም እረዳለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አማካይ ማለት የመግቢያ ነጥብ ማለት አይደለም። ከገቡት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት ከ511.7 በታች ናቸው። በዚያው በ2023 52,577 ሰው አመልክቶ 22,981 ገብቷል። ከመቶ 44 ገደማ ማለት ነው። የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር ጂፒኤንና ኤምካትን ጎን ለጎን አድርጎ፣ በየትኛው ነጥብ ስንት ሰው እንደገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣል። አንቺ ያለሽበት ሳጥን ከግማሽ በታች ነው። ይሄን አልደብቅሽም።

ግን ሠንጠረዡ የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። የየትኛው ስቴት ነዋሪ እንደሆንሽ አያውቅም። የት የት እንዳመለከትሽ አያውቅም። ጁን ላይ ይሁን ሴፕቴምበር ላይ ያስገባሽው አያውቅም። እዚያ ሳጥን ውስጥ በሽተኛ አጠገብ ቆሞ የማያውቅም አለ፤ ዓመታት ሙሉ በሽተኛ ሲያገላብጥ ያደረም አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የተቆጠሩት።

ስለዚህ ዕድልሽ የሚለካው ከዝርዝርሽ ጋር ነው። ዝርዝርሽ ደግሞ፣ ቅር እንዳይልሽ፣ መልሶ መሠራት አለበት። አንድ በአንድ እንየው።

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን የሚያስተምረው በዋነኛነት ለአምስት ስቴቶች ነው፦ ዋሽንግተን፣ ዋዮሚንግ፣ አላስካ፣ ሞንታናና አይዳሆ። ከዚያ ውጭ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው። አክስትሽ እዚያ መኖሯ አንቺን የዚያ ስቴት ነዋሪ አያደርግሽም። ዩቲ ሳውዝዌስተርን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ የቴክሳስ ሕግ ደግሞ ከስቴቱ ውጭ የሚመጡትን ከመቶ ከ10 በላይ እንዳይቀበል ይከለክለዋል። ማመልከቻው ራሱ ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ በአምካስ ሳይሆን በቴክሳስ የራሱ ሥርዓት ነው የሚገባው። ጆንስ ሆፕኪንስ የሚቀበላቸው ተማሪዎች መካከለኛ ነጥብ 520 አካባቢ ነው። ዩሲኤስኤፍም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ሪሰርችም አጥብቆ ይፈልጋል። እነዚህን አራቱን አውጪያቸው። ገንዘብሽንም ጊዜሽንም ነው የሚበሉት።

ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን በየዓመቱ ከ10 ሺህ በላይ ማመልከቻ ይደርሳቸዋል። አንዱን ወይም ሁለቱንም ማስቀመጥ ትችያለሽ፤ ግን ተስፋሽን እዚያ ላይ አትጣይ።

ዋናው ሀብትሽ ቨርጂንያ መኖርሽ ነው። ሪችመንድ ያለው ቪሲዩ፣ ኖርፎክ ያለውና በ2024 ከኦልድ ዶሚንየን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተዋሃደው ኢስተርን ቨርጂንያ፣ ሻርለትስቪል ያለው ዩቪኤ። ኢስተርን ቨርጂንያን እንዴት ተውሽው? ሮአኖክ ያለው ቨርጂንያ ቴክ ካሪሊዮን ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ተማሪ ሪሰርች ይሠራል። አንቺ ደግሞ ሪሰርች ብዙ የለሽም፤ ስለዚህ ከሌሎቹ በኋላ አስቢው።

ሃዋርድ በትክክል ቦታሽ ነው። ከ1868 ጀምሮ ሐኪም ያልደረሰለትን ሕዝብ የሚያገለግል ሐኪም ሲያፈራ የኖረ ነው። የሚቀበላቸው ነጥቦችም ወደ አንቺ የቀረቡ ናቸው። ናሽቪል ያለውን ሜሃሪም ጨምሪ። በዚያ ላይ ከሌላ ስቴት ብዙ ተማሪ የሚወስዱ ትምህርት ቤቶች አሉ፦ ድሬክሰል፣ ቴምፕል፣ ኒውዮርክ ሜዲካል ኮሌጅ፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን፣ ኩዊኒፒያክ። የየትምህርት ቤቱን ነጥብና ከስቴቱ ውጭ ስንት ሰው እንደሚወስድ ኤምሳር የሚባለው የማኅበሩ መረጃ ቋት ላይ ታገኚዋለሽ። መካከለኛውን ነጥብ ብቻ አትይ፤ ዝቅተኛው አሥር በመቶ የት እንደሚያበቃ እይ።

ኤምካት ድገሚ አትድገሚ የሚለውን ለሌሎች ልተወው። እኔ ግን ከ508 በላይ ያሳሰበኝ 123 ነው።

የማታ ፈረቃ፦

ኢስተርን ቨርጂንያን የተውኩት ስለማላውቀው ነው። እግዜር ይስጥልኝ፤ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ የጻፈልኝ ሰው እስካሁን አልነበረም። ካርሱ ያሳሰበው ሰው እኔንም ያሳሰበኝን ነው የነካው። ሌሎቹን ክፍሎች ካጠናሁ ይመጣሉ። ካርስ ግን ሰዓቱ ያልቅብኛል፤ መጨረሻ ላይ በግምት ነው የምመልሰው።

ድጋሚ አመልካች፦

ካርስ ላይ ልንገርሽ፣ እኔም እንደ አንቺ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። ዘጠኝ ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ለአንዱ ምንባብ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያለሽ። ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሥነ ሕንፃ፣ ስለ ሙዚቃ ታሪክ ይመጣል፤ የሳይንስ ዕውቀት አይረዳሽም።

የኔ ችግር እያንዳንዱን የማላውቀውን ቃል ለመፍታት መቆሜ ነበር። ለውጥ ያመጣልኝ ይሄ ነው። አንድ አንቀጽ አነባለሁ። እርሳሴን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ጸሐፊው ምን ፈልጎ ነው ብዬ በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራሴ እናገራለሁ፦ 'ይሄ ሰውዬ የድሮዎቹን ተቺዎች እየተቃወመ ነው'፣ 'አሁን ደግሞ ትንሽ ለዘብ አለ'። በቃ፣ ወደሚቀጥለው። መጀመሪያ ሲሞከር ያዘገያል። ከለመድሽው በኋላ ግን ጥያቄው ሲመጣ ወደ ምንባቡ መመለስ አያስፈልግሽም፤ ጸሐፊው የት እንደቆመ ታውቂያለሽና። በየቀኑ ሁለት ምንባብ፣ ሁልጊዜ በሰዓት። ለልምምድ የፈተናው ባለቤት ማኅበር ራሱ ያወጣቸውን ተጠቀሚ፤ የሌሎች ድርጅቶች ምንባብ አጠያየቁ ይለያል።

ቁጥር ይናገራል፦

እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ይሄን ዘዴ አንድ ዓመት ትለማመድና 512 ይዛ ትምጣ።

ሦስተኛ ዓመት፦

ወንድሜ፣ 512 እንደምታመጣ ምን ዋስትና አለ? የደገመ ሰው ሁሉ አይጨምርም። ሁሉም ነጥቦቿ ደግሞ ይታያሉ፤ አሮጌውን መደበቅ አይቻልም። 508 ይዛ 506 ብታመጣ ፋይሏን ታዳክማለች። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ዓመት አራት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው መፈተን የሚቻለው፤ ተመዝግቦ መቅረትም ውጤትን መሰረዝም ከዚያ ይቆጠራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።

የኔ መለኪያ አንድ ነው። ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ላይ በተከታታይ ከ511 በላይ እያመጣች ከሆነ፣ ካርሱም 125 ከደረሰ፣ ትድገም። ካልሆነ በ508 ታመልክት።

የማታ ፈረቃ፦

ከፈተናው በፊት የልምምድ ውጤቴ 507 እና 509 መካከል ነበር። ስለዚህ ያመጣሁት የእውነት ነጥቤ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ ዓመት፦

እንግዲያው ዘንድሮ በእሱ ሂጂ። አሁን ስለ ክሊኒኩ ንገሪን። በአንድ መስመር አለፍሽው እንጂ ትልቁ ነገርሽ እሱ ይመስለኛል።

የማታ ፈረቃ፦

ምን ልበል፤ አስተርጓሚ ነኝ እንጂ ሌላ ምንም አላደርግም። ብዙዎቹ ታካሚዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት መጡ። ሐኪሙ የስኳር መድኃኒታቸውን ሲያስረዳ በእያንዳንዱ ቃል 'እሺ፣ እሺ ልጄ' ይላሉ። ሐኪሙ እንደገባቸው አድርጎ ሊጨርስ ነው። እኔ ግን 'እሺ'ው የአክብሮት እንጂ የመረዳት እንዳልሆነ ፊታቸው ላይ አየሁ። ሐኪሙን አስፈቅጄ 'እማማ፣ እስኪ ነገ ጠዋት ሲነሡ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ' አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ መድኃኒቱን የሚወስዱት ሲያማቸው ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ደኅና ሲሆኑ ለክፉ ቀን ብለው ያስቀምጡታል። ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ውስጥ እያንዳንዱን ታካሚ መልሰው እንዲነግሩን እንጠይቃለን።

ድጋሚ አመልካች፦

እህቴ! ይሄን ነው 'ሌላ ምንም አላደርግም' የምትዪው?

ሦስተኛ ዓመት፦

የግል ጽሑፍሽን ከዚህ ጀምሪ። አምካስ የሚሰጥሽ 5,300 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ይቆጠራል። ታካሚዋ እንዳይታወቁ ግን ተጠንቀቂ። ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ቀን የሚባል ነገር አታስገቢ። 'ሰው መርዳት ስለምወድ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ' የሚል ዓረፍተ ነገር አንድም ቦታ እንዳይኖር። ያየሽውንና ያደረግሽውን ብቻ ጻፊ፤ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

የሥራና የእንቅስቃሴ ክፍሉ ላይ እስከ 15 ነገር ትመዘግቢያለሽ፤ ሦስቱን 'እጅግ ትርጉም የሰጡኝ' ብለሽ ሰፋ አድርገሽ ትጽፊያቸዋለሽ። ማስተርጎሙና የነርስ ረዳትነቱ ከሦስቱ ውስጥ መሆን አለባቸው። የሌሊት ሥራሽን እንደ ተራ የገቢ ምንጭ አድርገሽ አትለፊው። በሥራ ላይ ሆነሽ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ኤ ማምጣትሽ የመጀመሪያውን ዓመት ጥያቄ ይመልሳል። አንባቢዎቹ ውጤቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያያሉ፤ የአንቺ ወደ ላይ ነው።

የልጆች እናት፦

ይቅርታ በመሃል ገብቼ። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፣ ሐኪም መሆን ይፈልጋል። ከሃይስኩል በቀጥታ የሚገባበት አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ሦስተኛ ዓመት፦

እውነት ነው፣ እናታችን። ኮሌጁንና ሜዲካል ስኩሉን አያይዘው የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያልቃሉ። ቦታቸው ግን ጥቂት ነው። ከገባም በኋላ የተወሰነ ጂፒኤ መጠበቅ አለበት፤ አንዳንዶቹ ኤምካትም ይጠይቃሉ። ባይሳካለት ምንም አይቀርበትም፤ አብዛኛው ሐኪም በተለመደው መንገድ ነው የገባው። ገና አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ቃል እንዲገባ ግን አይጫኑት።

ኤፍ ዋን፦

እኔ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያገኘሁት ኢትዮጵያ ነው። ተስፋ አለኝ?

ድጋሚ አመልካች፦

ጠባብ ነው፤ ዝግ ግን አይደለም። ሁለት ነገር ይለያችኋል። አንደኛ፣ አምካስ የውጭ አገር ውጤትን ወደ ጂፒኤ አይቀይርም፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም አሜሪካ ወይም ካናዳ የተወሰደ ኮርስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ እዚህ ትምህርት መውሰድ ግድ ይልሃል። ሁለተኛ፣ ዓለም አቀፍ ተማሪ የሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከነሱም አንዳንዶቹ የክፍያውን ገንዘብ አስቀድሞ በባንክ እንድታስይዝ ይጠይቃሉ። ኤምሳር ላይ ማን እንደሚቀበል ተጽፏል። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እሱን እይ። ግሪን ካርድ ያላት እህታችን ግን እንደ ዜጋ ነው የምትቆጠረው፤ የሷ ነገር ሌላ ነው።

ኦስቲዮ፦

ስለ ዲኦ (ከኤምዲው ጎን ያለው ሌላው የሐኪም ዲግሪ፣ ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው) ለምን ማንም አላነሣም? በ504 አካባቢ አማካይ ነጥብ ነው ሰው የሚገባው። በ508 ጠንካራ አመልካች ነሽ። ቨርጂንያ ውስጥ ብላክስበርግ ላይ ቪኮም የሚባል የዲኦ ትምህርት ቤት አለልሽ። ማመልከቻው ሌላ ነው፣ አኮማስ ይባላል። ከ2020 ጀምሮ ከምረቃ በኋላ ያለው የሬዚደንሲ ሥልጠና ከኤምዲዎቹ ጋር አንድ ሆኗል። ተመርቄ ሐኪም ልሆን ነው፤ በሽተኞቼ የሚጠይቁኝ ያማቸውን እንጂ የዲግሪዬን ፊደል አይደለም።

ቁጥር ይናገራል፦

ዲኦ ላይ እስማማለሁ። የካሪቢያን ደሴቶቹን ሜዲካል ስኩሎች ግን እንዳትሞክሪ።

ኦስቲዮ፦

እኔም። እዚያ ተምረው ጥሩ ሐኪም የሆኑ አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ብዙ ሰው አስገብተው ብዙ ሰው በመንገድ የሚያስቀሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ዕዳው ደግሞ ከተማሪው ጋር ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ኤምዲም ዲኦም ሳይሞክሩ በቀጥታ እዚያ መሄድ አያስኬድም። ዲኦ ስታመለክቺ ግን አንድ ዲኦ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ሥራቸውን ተመልከቺ፤ ደብዳቤም ይጻፉልሽ። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ይጠይቃሉ።

ጭላንጭል፦

ጥቁር በመሆኗስ የሚጨመርላት ነገር የለም? ድሮ እንዲያ ይባል ነበር።

ሦስተኛ ዓመት፦

በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን በራሱ ለመግቢያ መለኪያ ማድረግን ከልክሏል። አመልካቹ በሕይወቱ የደረሰበትንና ከዚያ ያገኘውን ነገር በራሱ ቃል ቢጽፍ ግን መነበቡ አልተከለከለም። ስለዚህ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ሳይሆን ጽሑፉ ነው የሚሠራው። እሷ ደግሞ የምትጽፈው አላት።

የማታ ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አነበብኳችሁ። ዝርዝሬን እንዲህ ቀይሬዋለሁ። ኤምዲ፦ ቪሲዩ፣ ኢስተርን ቨርጂንያ፣ ዩቪኤ፣ ቨርጂንያ ቴክ ካሪሊዮን፣ ሃዋርድ፣ ሜሃሪ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ድሬክሰል፣ ቴምፕል፣ ኒውዮርክ ሜዲካል ኮሌጅ፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን፣ ኩዊኒፒያክ። ዲኦ፦ ቪኮምና ሌሎች አራት። ክፍያው ግን አስፈራኝ።

ድጋሚ አመልካች፦

የማኅበሩን የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም ዛሬውኑ ጠይቂ። ገቢሽ ካሟላ ኤምሳርን በነጻ ይሰጥሻል፤ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ የአምካስን ክፍያ ይሸፍናል። ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፍልም። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ፈቃዱ እጅሽ ላይ መሆን አለበት። የዲኦውን ክፍያ አይሸፍንም፤ አኮማስ የራሱ የሆነ የነጻ ክፍያ ጥያቄ አለው፤ ገንዘቡ ውሱን ስለሆነ ቀድሞ የጠየቀ ነው የሚያገኘው።

ሦስተኛ ዓመት፦

ዝርዝሩ አሁን ውሃ የሚያነሣ ሆኗል። በዚህ ዝርዝር፣ በጊዜ ካስገባሽ፣ ቃለ መጠይቅ ትጠሪያለሽ ብዬ አምናለሁ። ከየት እንደሆነ መገመት አልችልም፤ የቨርጂንያዎቹና ሃዋርድ ግን ፋይልሽን በደንብ ያነቡታል። ዲኦዎቹን ከጨመርን ደግሞ ዘንድሮ አንድ ቦታ የመግባት ዕድልሽ ካለመግባቱ ይበልጣል። ቁርጡን ስላልሽ ነው እንዲህ የምልሽ።

ጊዜው ላይ ጥብቅ ሁኚ። አምካስ ሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፤ ማስገባት የሚቻለው ሜይ መጨረሻ አካባቢ ነው። ያኔውኑ አስገቢ። ካስገባሽ በኋላ ማጣራቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ረጅም ሰልፍ ነው የሚጠብቀው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቃለ መጠይቁን እንደመጣ እንደመጣ ነው የሚሰጡት፤ ወንበሩ እያለቀ ይሄዳል። ትምህርት ቤቶቹ በየራሳቸው የሚልኩት ሁለተኛው ዙር የጽሑፍ ጥያቄዎች ሲመጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሺ። ሌሊት ስለምትሠሪ 'ለምን የኛን ትምህርት ቤት መረጥሽ' የሚሉትን ከአሁኑ መጻፍ ጀምሪ። ሁለት የሳይንስ መምህራንን ደብዳቤ ዛሬ ጠይቂ፤ ደብዳቤው ከማመልከቻው በኋላ ቢደርስም ማጣራቱን አያቆመውም።

የማታ ፈረቃ፦

አንድ ጥያቄ ብቻ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ውጤት የዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት ላይ በዝውውር ገብቷል። እሱን ለብቻው መላክ አለብኝ?

ሦስተኛ ዓመት፦

አዎ፣ የግድ። አንድ ኮርስ ብቻ የወሰድሽበት ኮሌጅ እንኳ ቢሆን፣ ከእያንዳንዱ ለብቻው በቀጥታ ለአምካስ መላክ አለበት። ማጣራቱን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ማመልከቻው እንደተከፈተ የትራንስክሪፕት መጠየቂያ ቅጹን ከዚያው አውጥተሽ ለሁለቱም ኮሌጆች ላኪ፤ ቅጹ ላይ ያለው የመለያ ቁጥር ከትራንስክሪፕቱ ጋር መሄድ አለበት። በዚያው ኮርሶችሽን ስትመዘግቢ ስታቲስቲክስ ከወሰድሽ በሒሳብ ስር አስገቢው፤ የሳይንስ ጂፒኤሽ ውስጥ ይቆጠርልሻል።

የማታ ፈረቃ፦

ስታቲስቲክስ ኤ ነው ያለኝ! የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ መዝገብ ቤት ነገ ጠዋት ይከፈታል፤ ከሥራ ስወጣ በዚያው ሄጄ ያልተከፈለ ዕዳ ወይም እግድ እንደሌለብኝ አጣራለሁ።